ለደንበኞቻችን፦ ማታ ባሱ (ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ) ለምን እንደሚቀነስና ስለ ድምፅ መለኪያው ክፍያ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ድምፅ በምናቀርብባቸው የሜዳ ኮንሰርቶቻችሁ ላይ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ባሱ በመቀነሱ፣ በሒሳቡም ላይ «የድምፅ መለኪያ» የሚል ክፍያ በመጨመሩ ብዙዎቻችሁ ቅር ብሏችኋል። ቅር ስላሰኘናችሁ ይቅርታ። አሠራሩ ግን ይቀጥላል።

በአገራችን የድምፅ መጠን ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ቀን 55፣ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን የሚለካበት አሃድ) ነው። በንግድ አካባቢ 65 እና 55። በስልካችሁ ለክታችሁ «ያን ያህል አልጮኸም» ያላችሁን አለን። የስልክ ማይክ ለንግግር የተሠራ ነው፤ ከባድ ባስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ያሳያል።

እኛ የምንተክለው አራት መለኪያ ነው። አንዱ ሚክሰሩ (ድምፁ የሚስተካከልበት ሰሌዳ) አጠገብ፣ ሦስቱ ቅርብ ባሉት ቤቶች በኩል፣ ግድግዳ የሚመልሰው ድምፅ እንዳያሳስታቸው ቢያንስ 3.5 ሜትር ራቅ ብለው። ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ በ94 ዴሲቤል ካሊብሬተር (መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ መፈተሻ) ይፈተሻሉ። ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር ካለፈ ማይኩ ስፖንጅ ቢለብስም ንባቡ አይታመንም፤ እንጥለዋለን። ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ እያንዳንዱ ሁለት ሲም ካርድና የራሱ ሜሞሪ አለው። የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው፤ የማንንም ንግግር አይቀዳም።

ባሱን ለይተን የምንከታተለው በምክንያት ነው። የተለመደው አለካክ የሰውን ጆሮ ስለሚከተል፣ ባሱ ባለበት 63 ኸርዝ (በሰከንድ 63 ንዝረት) ላይ ከንባቡ 26 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ደህና መስሎ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሌላም አለ፦ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ማታ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ድምፁን ወደ ታች ያጎብጠዋል። ሚክሰሩን ማንም ሳይነካው ሰፈር ውስጥ ድምፁ ይጨምራል። ወሰኑ ጋ ሊደርስ 3 ዴሲቤል ሲቀረው ለባለሙያችን መልእክት ይደርሰዋል፤ የዘፋኙን ድምፅ ሳይነካ ባሱን ይቀንሳል። 3 ዴሲቤል ሲቀነስ የአምፕሊፋየሩ ጉልበት በግማሽ ይወርዳል፤ ታዳሚው ግን እምብዛም አያስተውለውም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ መለኪያው የሚገዛው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ምን እንደደረሰ ከእኛ እኩል ታውቃላችሁ። ትርፍ አልጨመርንበትም። ይህ ቤት ከሠርግ ድንኳንና ከሁለት ስፒከር ተነስቶ እዚህ የደረሰው በእናንተ ነው፤ «ጮኹብን» ተብሎ ዝግጅታችሁ መሀል ላይ ሲቆም ከማየት ለጥቂት ደቂቃ ብትቆጡን ይሻለናል። ባዶውን ሜዳ በዚያው ሰዓት ቀድመን ስለምንለካ፣ የመንገዱ ጫጫታም በእናንተ አይላከክም። የሌሊቱን ንባብ በሙሉ በወረቀት እንሰጣችኋለን።

ውል የፈረማችሁ በድሮው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ። አዲስ የምትመጡ፣ እባካችሁ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ቦታውን አሳዩን። መድረኩ ሳይተከል ወዴት እንደሚዞርና የባስ ስፒከሮቹ የት እንደሚቀመጡ ከተነጋገርን፣ ማታ ላይ ምንም መቀነስ ላያስፈልግ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት