የታሪክ ክበብ፦ ፊርማ ስናሰባስብ የከረምንበት ዓመት

መስከረም ላይ የዓመቱን ርዕስ ስንመርጥ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ዓድዋን ዓምና ሠርተነዋል። በመጨረሻ የአሜሪካ ባርነት እንዴት ቀረ የሚለው አለፈ። "ማን አስቀረው?" ብዬ ጠየቅሁ። "ሊንከን!" አሉ በአንድ ድምፅ። አንድ ልጅ ከባርነት አምልጦ ታጋይ የሆነውን ፍሬድሪክ ዳግላስን ጨመረ። ሴት የጠራ የለም። የክበባችን አባላት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የሴቶቹን ጉዳይ ያዝን። ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ባስመለጠችው በሐሪየት ተብማን ስንጀምር ብዙዎቹ አወቋት፤ ቶሎ አለፍናት። የቆየነው ፊላደልፊያ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1833 የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር እዚያ ሲመሠረት ባርነትን የምትቃወመው ሰባኪ ሉክሪሺያ ሞት ተነስታ ተናግራለች። መግለጫው ላይ የፈረሙት ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ አኩርፈው አልቀሩም፤ በቀናት ውስጥ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ መካከል እንደ ሻርሎት ፎርተንና ግሬስ ዳግላስ ያሉ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ አብሮ መቀመጡ ራሱ ጉድ ያሰኝ ነበር። የእጅ ሥራ ሠርተው በባዛር እየሸጡ ለትግሉ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ማኅበሩ እስከ 1870 ዘልቋል።

ልጆቹን የያዛቸው ግን የፊርማው ነገር ነው። መምረጥ የማይፈቀድላቸው ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ፊርማ አሰባስበው ለኮንግረስ ይልኩ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ በ1836 የፀረ ባርነት አቤቱታ ሁሉ ሳይታይ ይቀመጥ ብሎ ወሰነ፤ ክልከላው እስከ 1844 ቆየ። "ታዲያ ምን ያለፋቸዋል?" አለች አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ። እስቲ እንሞክረው ተባባልን። ቤተ መጻሕፍታችን ቅዳሜ እንዲከፈት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። "ሥራ ፈቶች" ተባሉ። አንድ ክፍል በር ዘጋባቸው። ከሁሉም ብዙ ፊርማ ይዛ የመጣችው ያቺው ጠያቂ ናት። የቅዳሜው መልስ ገና አልመጣም።

ለወላጆች በዓል ድራማ ሠራን። የደቡብ ካሮላይና ባሪያ አሳዳሪ ልጅ ሆና ባርነትን የተቃወመችው አንጀሊና ግሪምኬ ሜይ 16 ቀን 1838 በፊላደልፊያው ፔንስልቬኒያ አዳራሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትናገር፣ ውጭ ያለው መንጋ መስኮቱን በድንጋይ ይደበድብ ነበር። የእኛ መንጋ ወረቀት አጨማዶ እንዲወረውር ነበር የተስማማነው። አንዱ ጫማውን ወረወረ፤ ተነጋግረንበታል። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ ማይኩም ዝም አለ። አንጀሊናን የምትሠራው ልጅ ግን አላቆመችም። እየጮኸች ጨረሰችው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

አዳራሹ በማግስቱ ማታ፣ በተከፈተ በሦስት ቀኑ ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሰዎች ውሃ የረጩት በዙሪያው ላሉት ቤቶች ነው። ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ የጀመሩትን የፀረ ባርነት ጉባኤ በነጋታው ቀጠሉ፤ የተሰበሰቡት ሳራ ፒው የተባለች መምህርት ልጆች በምታስተምርበት ክፍል ውስጥ ነበር። ይህን ትዕይንት ጊዜ አጥሮን ቆርጠነዋል። መምህር ነኝና እሱ ይቆጨኛል፤ ለከርሞ እንመልሰዋለን።