ስልኩን ለእናቴ አያቀብሏት

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ሻል አለዎት? እኛ ደህና ነን። ባለፈው እሁድ ሦስት ጊዜ "ምን አልሽ?" ብለው ስልኩን ለእናቴ ሲያቀብሏት፣ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ትልቋ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ትንሹን ቅዳሜ ቤተ ሙከራ ወስጄ ዳያቶም አሳየሁት፤ ከማይክሮስኮፑ ላይ አልነሳም ብሎ አስቸገረኝ። ዳያቶም አንድ ሕዋስ ብቻ ያላት አልጌ ናት። እንደ ሳጥንና ክዳን የሚገጥሙ ሁለት የሲሊካ ቅርፊቶች አሏት፤ መስታወት የሚሠራበት ያው ሲሊካ። ለሁለት ስትከፈል ልጆቿ አንድ አንድ ቅርፊት ይወርሳሉ። የወረሱትን ክዳን ያደርጉና ከሥሩ የሚገባውን ራሳቸው ይሠራሉ። ስለዚህ የታችኛው የደረሳት ከእናቷ ታንሳለች፣ የእሷም ልጅ ከእሷ። መጠናቸው በጣም ሲያንስ በፆታዊ መራባት እንደገና ትልልቆቹ ይወለዳሉ። ልጁ ትንሽ አሰበና "የአያቷ ክዳን አሁንም ካንዷ ጋር አለ ማለት ነዋ?" አለኝ።

እርስዎ እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ሌሊት እየሠሩ እንዳስተማሩኝ አልረሳሁም። ግን ሕክምናውን ትቼ ወደ ባሕር ሕይወት ጥናት ስዞር "ለኩሬ ሻጋታ ነው ያስተማርኩሽ?" አሉኝና ሁለት ዓመት ዘጉኝ። ስደውል ያነሳሉ፣ ድምፄን ሲሰሙ ለእናቴ ያቀብሏታል። ከኋላዋ ሲስሉ እሰማ ነበር። በምድር ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ ከውቅያኖስ እንደሚወጣ፣ አብዛኛውንም የሚሠሩት እርስዎ ሻጋታ ያሏቸው እነዚያ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት እንደሆኑ ያኔ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር።

ስለ ጆሮ ደግሞ ልንገርዎ። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ጆሮው ድፍን ነው፤ ኩኩ አይወጣም፣ ዕድሜ ልኩን ይጠራቀማል። በቁመቱ ሲሰነጠቅ እንደ ዛፍ ግንድ ጠቆር፣ ነጣ ያለ ንብርብር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2007 ካሊፎርኒያ አጠገብ መርከብ ገጭቶት ከሞተ አንድ ወንድ ዓሣ ነባሪ 25 ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝም ኩክ ወጣ። የቤይለር ዩኒቨርሲቲዎቹ ስቲቨን ትረምብልና ሳሻ ኡሴንኮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ንብርብሩን እየለዩ መርምረው በ2013 አሳተሙት። ገና ጨቅላ ሳለ ከእናቱ የተላለፈበት በካይ ኬሚካል እንኳ እዚያው ተጽፏል። በ2018 የ20 ዓሣ ነባሪዎችን ኩክ አይተው ደግሞ፣ አደኑ በበረታበት በ1960ዎቹ የጭንቀት ሆርሞኑ ኮርቲዞል ጣራ መንካቱን አገኙ። የሚገርመው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አደኑ ቀንሶ ሳለ ኮርቲዞሉ ከፍ ብሏል። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ያስጨነቃቸው ጦርነቱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ሳነብ እነዚያ ሁለት ዓመታት እኔም ውስጥ አንድ ቦታ ጠቁረው ተቀምጠው ይሆናል አልኩ። እርስዎም ውስጥ፣ አባባ። እርስዎም ቀላል አልሆነልዎትም መሰለኝ፤ ባይሆን ከስልኩ ርቀው ይሄዱ ነበር እንጂ እዚያው ቆመው አይስሉም ነበር።

የመስሚያዎን ባትሪ ቀየሩት? ሲታጠቡ ያውልቁት፣ እርጥበት ያበላሸዋል። የግፊት መድኃኒቱን አይዝለሉ። ሌሊት ሲነሱ መብራት ያብሩ፤ በጨለማ እየዳበሱ እንደሚሄዱ አውቃለሁ።

ሐኪሙ የቀኙ ጆሮ አይመለስም፣ ግራውም እየደከመ ነው ማለቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። እርስዎ አልነገሩኝም። በሚቀጥለው ወር ብቻዬን እመጣለሁ። በግራዎ በኩል ተቀምጬ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ፤ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ግራው ሳይደክም ነው የምፈልገው።

እስከዚያ ስደውል ስልኩን ለእናቴ አያቀብሏት። ባይሰሙኝም እርስዎ ይያዙት፤ ሲስሉም ቢሆን ልስማዎት።

ልጅዎ