ኪኒኑን ሰጣችሁ፣ ምክሩስ?

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ድሬ ላይ ነፍሰ ጡር ደከመኝ ስትል «ሙቀቱ ነው» እንላታለን። አዞረኝ ስትልም ሙቀቱ ነው። ልቧ ድው ድው ቢል፣ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ አሁንም ሙቀቱ ነው። የከተማችን ሙቀት ቀላል አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ስንቷ እናት ደም ማነሷን በሙቀት እያሳበበች እስከ ምጥ እንደምትደርስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳት ደግሞ የምትቋቋምበት አቅም የላትም።

ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ክትትል የጀመረችበት ጤና ጣቢያ ደሟን መርምሮ ደም ማነስን የሚከላከለውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ሰጣት። በነፃ ነው፣ እናመሰግናለን። የተነገራት ግን «በቀን አንድ» ብቻ ነው። ሰገራዋ ሲጠቁር ደነገጠች። ጎረቤት ደግሞ «ኪኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ይከብድብሻል» አለቻት። ተወችው። ሰገራ የሚጠቁረው በአይረኑ ምክንያት እንደሆነና እንደማይጎዳ አስቀድሞ የሚነግራት ቢኖር አትተወውም ነበር። ካቅለሸለሻት ከምግብ ጋር ወይም ማታ ልትተኛ ስትል መዋጥ እንደምትችልም ማንም አልነገራትም።

የእሷ ብቻ ቢሆን አደባባይ አላወጣውም ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት ነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ነበረባቸው። በመጨረሻ እርግዝናቸው አይረን የወሰዱት እናቶች 42 በመቶ ነበሩ። 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩልኝ። ኪኒኑ እጃቸው ገብቶ ነበር፤ መሃል ላይ ነው የተዉት።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። ጠዋት ፉል እንበላለን። ባቄላው አይረን አለው። ቲማቲም እንከትፍበታለን፣ ሎሚ እንጨምቅበታለን፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ሰውነት አይረኑን እንዲወስድ ያግዛል። ለነፍሰ ጡር ጥሩ ቁርስ ነው። ከዚያ ግን ወዲያው ሻይ ይመጣል። ሻይና ቡና ሰውነት ያንን አይረን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ሻይ ተዪ በሏት አላልኩም፣ እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ምክር ሰሚ የለውም። «ከምግቡም ከኪኒኑም አንድ ሁለት ሰዓት አርቀሽ ጠጪ» በሏት። ይሄ ብር አይጠይቅም። ሥጋ መግዛት ላቃታት እናት፣ ምስሯንና ሽምብራዋን በሎሚ በልታ ሻዩን ማቆየት ትልቅ ነገር ነው።

ቀይ ስር ደም ይሆናል የሚባለውንም አስረዱልን። ትብላው፣ ጥሩ ምግብ ነው። ግን ቀለሙ ነው እንጂ አይረኑ ትንሽ ነው፤ እሱን ተማምና ኪኒኑን እንዳትተው። ስለ ጫትም ሳትቆጧት ንገሯት። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ለሁለት መብላት ያለባት ሴት ምሳዋን ሳትነካ ትውላለች። አፈር አፈር የሚላት ካለችም «አምሮት ነው» ተብላ አትታለፍ፤ ደሟ ይታይላት።

ድሬ ላይ ደግሞ ወባን ትቶ ስለ ደም ማነስ ማውራት አይቻልም። የ2014ቱን ወረርሽኝ አልረሳነውም። ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ የምትራባው እዚሁ ግቢያችን፣ ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ወባ ቀይ የደም ሴልን ይሰብራል። ስለዚህ በርሜል መክደንና አጎበር ውስጥ መተኛት የነፍሰ ጡር ምክር አካል ይሁን።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ኪኒኑ ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያ ከእናትየዋ ጋር ቁጭ ብሎ ያውራ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ በምትሰማው ቋንቋ። በቀጣዩ ቀጠሮ «እየዋጥሽ ነው? ምን አስቸገረሽ?» ትባል። ነርሶቹ ሥራ እንደሚበዛባቸው አያለሁ። ግን እናቶቹ ወረፋ ይዘው አግዳሚ ላይ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ያ ሰዓት ለምን ባክኖ ይቀራል? ጤና ኤክስቴንሽኖችም ቤት ሲመጡ ባልና አማት ባሉበት ያስረዱ። ከቀፊራ ገበያ ምን እንደሚገዛ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚበላ ብዙ ጊዜ የምትወስነው ነፍሰ ጡሯ አይደለችም። ጾምን በተመለከተ ቀሳውስትና ሼኾች ቢናገሩልን ከማንም በላይ ይሰማሉ። ሁለቱም እምነቶች ለነፍሰ ጡር ይፈቅዳሉ፣ ብዙዎቹ ግን በይሉኝታ ይጾማሉ።

በየሠፈራችን ዕድርና እንደ ዕድር ያለው መረዳጃ ማኅበር፣ አፎሻ፣ አለ። ባለሙያ ላኩልን፤ ሰው መሰብሰቡን ለእኛ ተዉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የድሬዳዋ ነዋሪ