ሪፈንዱ የራሳችሁ ገንዘብ ነው፣ ጠይቁ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የታክስ ወቅት በደረሰ ቁጥር የታክስ ሠሪው ማስታወቂያ ይበዛል፤ "ፈጣን ሪፈንድ" (ታክስ ላይ የተረፈ ገንዘብ ቶሎ ይመለስላችኋል) የማይል የለም። የታክስ ፎርማቸውን በፖስታ ልከው ወራት ሙሉ ስለሚጠብቁት ሰዎች የሚያወራ ግን አይገኝም። እኛ መሃል ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚህ ሜሪላንድ ስኖር እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ዘመድ ወዳጆቼ ደብዳቤ ሳነብ፣ ስልክ ሳስደውል ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

በዚህ ዘመን ማን በፖስታ ይልካል የሚል ይኖራል። የሚልከው አማራጭ ያጣ ነው። አገር ቤት ሄዶ ያገባና ሚስቱ ቪዛ እየጠበቀች ያለች ሰው ከእሷ ጋር በአንድ ላይ ታክስ ማስገባት ቢፈልግ፣ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) ስለሌላት በእሱ ፋንታ ለታክስ የሚያገለግል አይቲን የሚባለው ቁጥር ሊወጣላት ይገባል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሲጠይቁ ደብሊው-7 የተባለው ፎርም ከታክሱ ጋር ተያይዞ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ይላካል። ፓስፖርቱም አብሮ፤ ዋናው ካልሆነ ደግሞ ራሱ ፓስፖርቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋገጠው ኮፒ። (አይ አር ኤስ፣ ማለትም የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ የሰጣቸው ወኪሎች አሉ፣ እነሱ ጋ ከሄዳችሁ ፓስፖርቱን አይተው ይመልሱላችኋል፣ ዋናውን በፖስታ ከመላክ ትድናላችሁ።) ሌላው ልጁን ሌላ ሰው ቀድሞ ታክሱ ላይ ስላስገባበት ኮምፒውተሩ የሚመልስበት ነው። ለዚህኛው ከ2025 ጀምሮ መላ ተገኝቷል፤ አይፒ ፒን የሚባለውን የማንነት መጠበቂያ ምስጢር ቁጥር ከአይ አር ኤስ የወሰደ ሰው የልጁ ሶሻል ቀድሞ ቢገባም በኮምፒውተር መላክ ይችላል። ብዙ ሰው አልሰማም። ብዙ ዓመት ወደኋላ የቀረ ታክስ ያለበት ሰውም ያው ፖስታ ቤት ነው የሚሄደው።

በኮምፒውተር የተላከ ታክስ ባብዛኛው በ21 ቀን ውስጥ ሪፈንዱ ይመጣል። ለወረቀቱ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚለው "6 ሳምንትና ከዚያ በላይ" ነው። ሰውን የሚያቃጥለው ይሄ "ከዚያ በላይ" ነው፣ ጣሪያ የለውማ። ወረቀቱ ካንሳስ ሲቲ፣ ኦግደን ወይም ኦስቲን ያለው የአይ አር ኤስ ማዕከል ይደርሳል፣ ፖስታው ይከፈታል፣ ይለያል፣ ከዚያ ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ስካን ማድረግ ቢጀምሩም ለረጅም ዓመታት ሠራተኛ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሲተይበው ነው የኖረው። ከኮቪድ በኋላ የሆነውን አስታውሱ፤ በ2022 ሜይ መጨረሻ ላይ ገና ያልተነካው ወረቀት ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። ያ ክምር ከተቃለለ በኋላ ደግሞ በ2025 መሥሪያ ቤቱ ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን አጣ። ስለዚህ መዘግየቱ እናንተ ጥፋት ስላለባችሁ የመጣ ላይሆን ይችላል። ዝም ብሎ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአንዲት ጎረቤቴን ነገር በፈቃዷ ላጫውታችሁ። ሆቴል ነው የምትሠራው፣ ባሏ አዲስ አበባ ነው። የሁለቱን ታክስ ከአይቲን ማመልከቻው ጋር በፖስታ ላከች። ወራት አለፉ፣ ኢንተርኔት ላይ ብታይ ምንም የለም። ታክስ ሠሪዋ ጋ ስትሄድ "ጠፍቶ ይሆናል፣ ድጋሚ እንላከው" አላትና ሁለተኛ ላኩ። ለሁለተኛውም አስከፈላት። ኮፒ እንኳን በእጇ አልሰጣትም ነበር፤ ለምነን ነው ያገኘነው። በኋላ ስልክ ስናስደውል የተገኘው ነገር ያሳዝናል። የመጀመሪያው ወረቀት አልጠፋም። ሁለተኛው ገጽ ላይ የባልየው ፊርማ ስለሌለ፣ ፈርማችሁ መልሱልን የሚል ደብዳቤ ተልኮላት ነበር። ደብዳቤው የሄደው ግን ወደ ለቀቀችው አፓርታማ ነው። ያንን ፊርማ ሲጠብቅ የነበረ ፋይል ላይ ሁለተኛው ታክስ መጥቶ ተደረበበትና አንድ ሰው ሁለቴ ያስገባ መስሎ ሁሉም ነገር ታሰረ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ እባካችሁ ድጋሚ አትላኩ። ራሱ አይ አር ኤስ ካላላችሁ በቀር አትላኩ። ደብዳቤ መጥቶ የጎደለ ወረቀት ከጠየቀ የጠየቀውን ብቻ፣ ከራሱ ከደብዳቤው ጋር፣ ደብዳቤው ላይ ወዳለው አድራሻ መልሱ። ቤት ከቀየራችሁ 8822 የሚባለውን የአድራሻ መቀየሪያ ፎርም ላኩ። ፖስታ ቤት ብቻ ማስታወቅ አይበቃም። ማንነት አረጋግጡ የሚል ደብዳቤ ከመጣም ሳይውል ሳያድር ነው፤ እሱ እስኪመለስ ድረስ ታክሱ ንቅንቅ አይልም።

ወረቀቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ ከላካችሁ ከ4 ሳምንት በኋላ በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ ሪፈንድ መከታተያውን ማየት ይቻላል። እሱ ግን ብዙም አይናገርም። የተሻለው እዚያው አይ አር ኤስ ላይ ኦንላይን አካውንት ከፍቶ ትራንስክሪፕት (ታክሳችሁ ላይ የተሠራው ሁሉ በኮድ ቁጥር የሰፈረበት መዝገብ) ማውጣት ነው። ቀኑና ቁጥሩ ተደርድሮ ይወጣል። 150 ካያችሁ ታክሱ ተሠርቶ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው። 570 ገንዘቡ ተይዟል፣ 971 ደብዳቤ ተልኮላችኋል፣ 846 ደግሞ ሪፈንዱ ወጥቷል፣ አጠገቡ ቀኑ አለ። ጎረቤቴ በስልኳ ላይ 846ን ያየች ቀን እንግሊዝኛ ማንበብ አላስፈለጋትም። 846 እያለ ገንዘቡ ካልደረሳችሁ 3911 በሚባለው ፎርም ይፈለግልኝ ማለት ትችላላችሁ።

ቋንቋ ነው ብዙውን ሰው ወደኋላ የሚያስቀረው። "ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታናግርልኝ" እየተባለ ሳምንት ይገፋል፣ የዐሥር ዓመት ልጅ የወላጆቿን ገቢ ለማታውቀው ሰው ስታስረዳ መስማት ደግሞ ያማል። አያስፈልግም። አይ አር ኤስ ከ350 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የስልክ አስተርጓሚ አለው፣ በነጻ ነው። ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ውጪ ለሚናገር ሰው ያለው ስልክ 833-553-9895 ነው። ሰው እንዳገኛችሁ "አማሪክ" በሉ፣ መስመሩ ላይ ቆዩ። ሶሻላችሁን፣ የልደት ቀናችሁን፣ ያለፈውን ዓመት ታክስ ስለሚጠይቁ ኮፒው ፊታችሁ ይሁን። ኮፒ የማይሰጥ ታክስ ሠሪ ጋ አትሂዱ። የሠራውን ታክስ ፈርሞ፣ ኮፒ ሰጥቶ የመሸኘት ግዴታ አለበት።

ሌላው ደግሞ ፍርሃት ነው። "ከነካካኋቸው ኢሚግሬሽን ላይ ያለውን ጉዳዬን ያበላሹብኛል" የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አግኝቻለሁ። እትዬ፣ ጋሼ፣ ታክስ ላይ የተረፈ ገንዘቤ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ወንጀል አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ጥያቄ ያለበት ሰው አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከሩ ተገቢ ነው፣ ጊዜው ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ፣ ዜግነት ወስዶ፣ ሃያ ዓመት ታክስ ከፍሎ ገንዘቡን ለመጠየቅ የሚሸማቀቅ ሰው ሳይ ግን ውስጤ ይቃጠላል።

ሕጉ እኮ ከጎናችሁ ነው። ታክሱ በጊዜው ከገባና ከኤፕሪል 15 በኋላ 45 ቀን አልፎ ሪፈንዱ ካልተላከ (ዘግይታችሁ ካስገባችሁ ደግሞ ካስገባችሁበት ቀን ተቆጥሮ) መንግሥት ወለድ ይከፍላችኋል። ማመልከቻ አያስፈልገውም፣ አብሮ ይመጣል። በ2025 ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ነበር። ወለዱ ራሱ ገቢ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመት ታክስ ላይ ይገባል። ግን ልብ በሉ፤ ፊርማ የጎደለው ወረቀት እንደገባ አይቆጠርም፣ ቀኑም አይቆጠርላችሁም። የባልም የሚስትም ፊርማ፣ አሠሪው የሚሰጠው የዓመቱ ደመወዝ ወረቀት ደብሊው-2ው፣ የባንክ ቁጥሩ፤ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ሁለት ሰው ይየው። የባንክ ቁጥሩን በተለይ፤ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ወዲህ የወረቀት ቼክ እየቀረ ስለሆነ ያለ ባንክ ቁጥር የተላከ ታክስ ሌላ መዘግየት ነው። ስትልኩም ሰርቲፋይድ (መላኩ በደረሰኝ የሚረጋገጥ ፖስታ) አድርጋችሁ ደረሰኙን ያዙ። ሕጉ የሚያየው የፖስታ ማኅተሙን ቀን ነው፣ ማኅተሙ ደግሞ ሳጥን ውስጥ በከተታችሁበት ቀን ላይመታ ይችላል፤ ባንኮኒው ላይ ሰጥታችሁ አስመቱ።

ስልኩም ደብዳቤውም ካልሠራ ሁለት በር አለ። አንደኛው ታክስፔየር አድቮኬት የሚባለው ነው፣ እዚያው አይ አር ኤስ ውስጥ ያለ ግን ለከፋዩ የሚከራከር ክፍል። ኪራይ ሊያስወጣችሁ የደረሰ፣ መብራት ሊቆረጥባችሁ የተቃረበ ከሆነ ያንን በማስረጃ አሳዩ፣ ቅድሚያ የሚሰጡት ለእሱ ነው። ስልካቸው 877-777-4778፣ ነጻ ነው። ሁለተኛው የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር የተጣበቀ ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለው። ፋይሌን እንድታዩ ፈቅጃለሁ የሚል ወረቀት ትፈርማላችሁ፣ እነሱ ይጠይቁላችኋል። እኛ አገር ባለሥልጣን ጋ ለመግባት ዘመድ ይፈለግ ስለነበር ይሄ ለኛ አይገባንም። እዚህ ግን የነዋሪውን ጉዳይ መከታተል የቢሮው የዘወትር ሥራ ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል በየእትሙ ከታክስ ሠሪዎቹ ማስታወቂያ አጠገብ ትንሽ ቦታ ስጡና የአስተርጓሚውን ስልክ፣ የአድቮኬቱን ስልክ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከራከሩትን የታክስ ክሊኒኮች በአማርኛ አትሙ። በትልቁ ይሁን፣ አባቶችና እናቶች ያለ መነጽር እንዲያነቡት። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ የሚለጠፍ ከሆነ እኔ ኮፒ አድርጌ አከፋፍላለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ