ከቀለሙ በፊት ኮርኒሱን ለምን እንከፍታለን?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በምናቀርብላችሁ የሆስፒታል እድሳት ዋጋ ላይ የመጀመሪያው መስመር «የነባር ሁኔታ ምርመራ» ነው፤ ይህም ኮርኒስና ግድግዳ ከፍቶ ውስጡ ያለውን ማየት ነው። በጀቱ ጠባብ ሆኖ ሳለ ለዚህ መክፈል ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ምክንያታችንን እናስረዳ።

የቆየ ሕንፃ ፕላንና ግድግዳው ውስጥ ያለው ነገር እምብዛም አይገናኙም። የቧንቧው መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አቅም፣ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የቆየ የግንባታ ቁስ) መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ ውል ከተፈረመ፣ በኋላ የሚገኘው ሁሉ «ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚቀነሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የማያርፍበት ሥራ ነው። በምረቃው ዕለት የአየር ማናፈሻውን ማን ይጎበኛል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የተፈጥሮ አየር ዝውውር መመሪያ ለመደበኛ የተኝቶ ሕክምና ክፍል በአንድ ታካሚ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር፣ በአየር ለሚተላለፍ በሽታ መለያ ክፍል ደግሞ 160 ሊትር አስቀምጧል። የአየር ጠባዩ ከፈቀደ ትይዩ መስኮቶች ይህን ያለ ማሽን ሊያሟሉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ጥያቄ ግን «ሰፊውን ክፍል ለሁለት ክፈሉልን» ነው። አዲሱ ግድግዳ ኮርኒስ ሲነካ ነፋሱ ከመስኮት ወደ መስኮት መሻገሩን ያቆማል፤ በርካሽ የቆመ ግድግዳ ማሽን ያስገዛል። የማሽኑን ማጣሪያና ጥገና የሚሸከመው ደግሞ የእድሳቱ ገንዘብ ሳይሆን በየዓመቱ የሚያጥረው የሥራ ማስኬጃ በጀት ነው።

ውሃም እንዲሁ። የእጅ መታጠቢያ ሲነሳ ቧንቧው ጫፉ ተደፍኖ ግድግዳ ውስጥ አይቅር። ውሃ በውስጡ ቆሞ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው የሌጅዮኔላ ባክቴሪያ ይራባበታል። ከዋናው መስመር ላይ እናስቆርጠዋለን።

የማንደራደርበት አንድ ወጪ አለ፦ ሥራው የሚካሄድበትን ቦታ ከታካሚዎች አሽጎ መለየት። ከሚፈርስ ኮርኒስ የሚነሳው አቧራ የአስፐርጊለስ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ታካሚ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

መቆጠብ የሚቻለው ሌላ ቦታ ነው። መጸዳጃና ማጠቢያ ክፍሎች ባሉበት ይቆዩ፤ የፍሳሽ መስመር ማዛወር ከሁሉም ይከብዳል። ደህና በሮች ይታደሱ። ሴራሚክ ውሃ በሚረጭበት ብቻ ይሁን፣ ሌላው ግድግዳ በሚታጠብ ቀለም ይበቃዋል። የእንግዳ መቀበያው ውበት ለመጨረሻው ምዕራፍ ይቆይ።

ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት የጥገና መዝገባችሁን ላኩልን፤ ከጥገና ባለሙያውና ከሌሊት ተረኛ ነርሶች ጋርም አገናኙን። የትኛው መስኮት በምስማር እንደተመታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር