አባባ፣ በማርች የት እንሂድ?

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለሰላምታ ያህል አይደለም። ደብዳቤዬ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጎልፍ ጉዟችንን ሳነሳብዎ «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፣ አንተ የመረጥከው ይሁን» አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ሁሉም አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እርስዎ እንዲህ የሚሉት ሰው ላለማስቸገር ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ተቀመጥኩ። በስልክ ቢሆን ገና ሳልጀምር «እሺ፣ እሺ» ብለው ያቋርጡኛል።

በልብዎ ያለው የስኮትላንዱ የጎልፍ ከተማ ሴንት አንድሩስ ነው። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ልጅ ሳለሁ የሁለቱን ጎልፍ ተጫዋቾች፣ የአባትና ልጁን ቶም ሞሪሶች ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አልቆጠርኩትም። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1867 በ46 ዓመቱ ዘ ኦፕን የሚሉትን ታላቁን የብሪታንያ የጎልፍ ውድድር አሸነፈ። በዓመቱ ልጁ በ17 ዓመቱ ዋንጫውን ተረከበው። እስከ ዛሬ በዘ ኦፕን ከእነሱ በዕድሜ የሚበልጥም የሚያንስም አሸናፊ የለም። በ1869 ደግሞ ልጅ አንደኛ፣ አባት ሁለተኛ ሆኑ። እርስዎ «አባት ሁለተኛ» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፅዎ ይለሰልስ ነበር። ያኔ ተሸንፎ ምን ያስደስተዋል እል ነበር። አሁን የራሴ ልጅ ኳስ ሲመታ ቆሜ ሳይ ነገሩ ገብቶኛል። ውድድሮቹ የተካሄዱት ፕረስትዊክ በሚባለው ሌላ የስኮትላንድ ሜዳ ቢሆንም አባትና ልጁ ጎን ለጎን ያረፉት ሴንት አንድሩስ ነው። እዚያ አብረን መቆም እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። እኔም እፈልጋለሁ።

ግን በማርች አይሆንም አባባ። በዚያ ወር እዚያ ቀኑ ሞቀ ቢባል ከ10 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ኦልድ ኮርስ በሚሉት በዋናው ሜዳ ላይ እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ ፌርዌይ ላይ፣ ማለትም በመሃሉ በአጭሩ ሣር ላይ፣ ያረፈችው ኳስ የምትመታው በትንሽ ምንጣፍ ላይ ተደርጋ ነው። ሣሩ እንዲያገግም ነው፣ ልክ ናቸው። ግን ዕድሜ ልክዎን ያለሙትን ሜዳ በምንጣፍ ላይ እንዲጫወቱት አልፈልግም። ቦታ ለማግኘትም ከሁለት ቀን በፊት የሚወጣ ዕጣ አለ። እሑድ ሜዳው ዝግ ነው። ብርድ ላይ ቁጭ ብለን ዕጣ ስንጠብቅ ጉዞው ያልቃል። እሱን በጁን እንሄዳለን። በጁን እዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን አለ፣ ማንም አያጣድፈንም።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር። ከአምስት ዓመት በፊት የሄድንበትን ሜዳ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ስሙ ይቅር። ገደል ለገደል ነው፣ ካርት የሚሉት የሜዳ መኪና የለም፣ ቦርሳዎን በትከሻዎ ይዘው ነው 18ቱን ጉድጓድ የሚዞሩት። የመረጥኩት ለእኔ ነው። ፎቶውን አይቼ ልቤ ስለተነሳ ነው። እርስዎን የጠየቅኩዎት ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ነበር።

አብሮን የተጫወተው ሰው በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ ትዝ ይልዎታል? 14ኛው ጉድጓድ ላይ ያገባሁት ረጅሙ ፑት፣ ኳሷን በመሬት አንከባልዬ። ያንን ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የማየው ግን ኳሷን ነበር። ባለፈው ወር ለልጄ ሳሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎን አየሁ። የጉድጓዱን ባንዲራ ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ለእኔ ብለው የያዙልኝ ነበር የሚመስለኝ። በሁለት እጅዎ ነው የያዙት። ዘንጉ ጎብጧል። ቀኝ እግርዎ መሬት የነካው በጣቱ ብቻ ነው። ኳሷ ስትገባ እኔ ጮህኩ፣ እርስዎ አንድ እጅዎን ብቻ አነሱ። ሌላኛው እጅ ዘንጉን አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ አራት ጉድጓድ ቀርቶን ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይቅርታ አባባ። ያኔ ማየት ነበረብኝ።

ስለዚህ የዘንድሮውን ስመርጥ ከጉልበትዎ ጀመርኩ። መሬቱ ምን ያህል ይወጣል ይወርዳል? ከአንዱ ግሪን፣ ጉድጓዱ ካለበት ለስላሳ ሣር፣ ወደ ቀጣዩ ቲ፣ ወደ መነሻው፣ ምን ያህል ይርቃል? ካርት ካለ ሣሩ ላይ ይገባል ወይስ ከመንገዱ አይወጣም? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጸደይ ሲጀምር መሬቱ እርጥብ ስለሚሆን ብዙ ሜዳዎች ካርቱን ከመንገድ አያስወጡትም። ያኔ ሰውየው ኳሱ ጋ ለመድረስ ፌርዌዩን ሲያቋርጥና ዱላ ሲቀይር ይውላል። ቦርሳውን ከሚሸከምለት ካዲ ጋር በቀጥታ ከሚሄደው ሰው የበለጠ ይደክማል።

አሪዞናን አሰብኩ። ስኮትስዴል በማርች 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ለመገጣጠሚያ ሙቀት ጥሩ ነው። ግን በዚያው ወር 15 የቤዝቦል ቡድኖች ፊኒክስ አካባቢ ልምምድና የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ናቸው። ከተማው ይጨናነቃል፣ ሜዳው ላይ ከኋላ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። እርስዎ ደግሞ መገፋት አይወዱም።

የፖርቱጋሉ አልጋርቭ በጣም ፈትኖኝ ነበር። ሄንሪ ኮተን የሠራው የፔኒና ሜዳ ከ1966 ጀምሮ አለ፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አየሩም ለስላሳ ነው። ይህን ለሌላ ዓመት ይዤዋለሁ። የሳውዝ ካሮላይናው ሜርትል ቢችም ጠፍጣፋ ነው፣ ሜዳው የትየለሌ ነው፣ ግን ግርግሩ ለእርስዎ አይሆንም። ኦሪገን ያለው ባንደን ዱንስ በእግር ብቻ የሚዞሩበት፣ በማርች ዝናብና ነፋስ የማይለየው ቦታ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የመረጥኩት ፓይንኸርስትን ነው። ኖርዝ ካሮላይና፣ ማርች መጨረሻ ላይ።

ምክንያቴን ልንገርዎ። ቦታው ራሱ በ1895 የተቆረቆረው ለዚሁ ነው። ጀምስ ዎከር ተፍትስ የሚባል የቦስተን ነጋዴ ከሰሜኑ ክረምት የሚሸሹ ሰዎች እንዲያርፉበት ብሎ ሠራው። መሬቱ አሸዋ ነው። ሌሊት ቢዘንብ ውሃው ወዲያው ይሰርጋል፣ ጠዋት ጭቃ አይረግጡም። ለእግርም ለስላሳ ነው፣ ዙሪያው ረጃጅም የጥድ ዛፍ ነው። በማርች መጨረሻ ቀኑ 17 ወይም 18 ዲግሪ ይደርሳል። ጠዋት ግን 5 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ማለዳ ተነስተን አንጫወትም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቲ ላይ አንቆምም። ጉልበትዎ እስኪሞቅ እንጠብቃለን።

ደግሞ የሚያስደስትዎትን ልጨምር። ቁጥር ሁለት የሚሉትን ሜዳ የሠራው ዶናልድ ሮስ ነው። ሮስ ስኮትላንዳዊ ነው፣ የዶርኖክ ልጅ። ሙያውን የተማረው ሴንት አንድሩስ ሄዶ ነው፤ ያስተማረው ማን መሰለዎት? ሽማግሌው ቶም ሞሪስ ራሱ! ሮስ በ1900 ፓይንኸርስት መጣ፣ ቁጥር ሁለት በ1907 ተከፈተ። ከዚያ በኋላም እስከ ሞተበት እስከ 1948 ድረስ ሜዳውን ሲያሻሽል ኖረ። ቤቱ እዚያው ሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ሴንት አንድሩስን ሙሉ በሙሉ አልቀማሁዎትም።

ግሪኖቹ እንደተገለበጠ ሳህን ናቸው። መሃሉ ላይ ያላረፈች ኳስ በጎን ተንከባልላ ትወርዳለች። ይህ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ለእርስዎ ግን አልሰጋም። በግሪኑ ዙሪያ ሣሩ አጭር ስለሆነ ከውጭ ሆኖ በፑተር፣ ኳስ በምታንከባልለው ዱላ፣ መምታት ይቻላል። እርስዎ ሁልጊዜ ከሃያ ሜትር ላይ ፑተር ሲያወጡ ጓደኞችዎ ይስቁብዎት የለ? ጀርመናዊው ማርቲን ካይመር በ2014 ታላቁን የአሜሪካ ውድድር፣ የዩኤስ ኦፕንን፣ እዚሁ ሜዳ ላይ ያሸነፈው እንዲሁ ከግሪን ውጭ በፑተር እየመታ ነው። በ8 ምት ልዩነት! እስቲ አሁን ይሳቁ።

ሣሩን ሲያዩ እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገርዎ። በደቡቡ አካባቢ ያለው ቤርሙዳ የሚሉት ሣር ነው። በክረምት ይተኛል፣ የገለባ መልክ ይይዛል። ማርች ሲያልቅ ገና መንቃቱ ነው። በቴሌቪዥን እንደምናየው አረንጓዴ አይሆንም። ግን ኳሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ትሮጣለች። በብርድ አየር ኳስ አጭር ስለምትሄድ ይህ ያካክስልናል። ሌላው፣ በጸደይ አንዳንድ ሜዳዎች ግሪኑን በትናንሽ ቀዳዳ ይበሱታል፣ አሸዋ ያፈሱበታል። ለሣሩ ሥር አየር እንዲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ኳስ እየዘለለች ነው የምትሄደው። ቀኑን ጠይቄ ሳላረጋግጥ ገንዘብ አልከፍልም።

በ1999 የዩኤስ ኦፕንን መጨረሻ አብረን ያየነው እዚሁ ሜዳ ላይ የተደረገውን ነው። ፔይን ስቱዋርት የዝናብ ልብሱን እጅጌ ቆርጦ የለበሰ ዕለት። የመጨረሻውን ፑት፣ አራት ሜትር ተኩል ያህል የሚሆነውን፣ ሲያገባ እርስዎ ከወንበርዎ ተነስተው ነበር። እኔ ትዝ የሚለኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተሸነፈው ፊል ሚክልሰን የመጀመሪያ ልጁ ልትወለድ አንድ ቀን ነበር የቀራት። ስቱዋርት በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ስለ አባትነት ነገረው። ዕለቱም እዚያ አገር የአባቶች ቀን ነበር። ስቱዋርት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሐውልቱ 18ኛው ግሪን አጠገብ ቆሟል፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ። እዚያ ጋ አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ቀኖቹ ልምጣ። አራት ሌሊት እናድራለን። በቀን አንድ ጨዋታ ብቻ። ከራሌይ ደርሃም አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው፣ እኔ እነዳለሁ። የደረስን ዕለት ዘ ክሬድል በሚሏት ትንሽ ሜዳ ላይ እንጫወታለን። ዘጠኝ ጉድጓድ ናት፣ ሁሉም ተደምሮ 789 ያርድ። ረጅሙ 127 ያርድ፣ አጭሩ 56 ነው። ሁለት ሦስት ዱላ በእጅ ይዞ መዞር ይበቃል። እዚያ አገር በማርች ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉት በዚያን ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሳንቸኩል እንጨርሳለን። በሁለተኛው ቀን ቀለል ያለ ሜዳ በካርት። ቁጥር ሁለትን ለሦስተኛው ቀን ነው ያሰብኩት፣ ከካዲ ጋር። ዝናብ ቢያበላሽብን አራተኛው ቀን አለን። ለመጨረሻው ቀን ብናስቀምጠውና ቢዘንብ ግን አለቀ።

አንድ ነገር ላይ እንዳንጣላ። የምንጫወተው ከፊተኛው ቲ ነው። ሜዳው ከኋለኛው ቲ ከ7,500 ያርድ በላይ ነው። ከፊት ስንጀምር ከ2,000 ያርድ በላይ ይቀነስልናል። «አንተ ከኋላ ተጫወት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልጫወትም። እኔ ከኋላ ስመታ፣ እርስዎ ከፊት ሲመቱ ግማሹን ቀን ተለያይተን ነው የምንውለው። እኔ የመጣሁት አብሬዎት ልሄድ ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩና ስንት ጉድጓድ መሄድ እንደሚችሉ ቁጥሩን ይንገሩኝ። ዘጠኝ ካሉ ዘጠኝ ነው፣ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሜዳው ላይ ሲያምዎት ያምዎታል። «ደህና ነኝ» አይበሉኝ። ጓንትዎን በቀስታ ጣት በጣት ሲያወልቁ ትንፋሽ እየሰበሰቡ መሆኑን አሁን አውቄዋለሁ፣ መደበቅ አይቻልም።

የቆየ ጫማዎን ይዘው ይምጡ፣ አዲስ አይግዙ። ሹራብ ደራርበው ይልበሱ፣ የሚወልቅ የሚለበስ። ፑተርዎን አይርሱ።

ባንዲራውን በዚህ ጉዞ የምይዘው እኔ ነኝ።

ክፍሉ ቶሎ ስለሚያዝ እስከ እሑድ ይደውሉልኝ። «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» ካሉኝ ግን ስልኩን ለእማማ ይስጡልኝ፣ እሷ እውነቱን ትነግረኛለች።

አክባሪ ልጅዎ