መርዙ ከመወርወሩ በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሽሮ ሜዳ በሚገኘው እድራችን ባለፈው ስብሰባ «የሰፈሩ ውሾች በዙ፤ ሥጋ በመርዝ ተለውሶ ሌሊት ይጣልላቸው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። የደገፈው ሰው ጥቂት አይባልም። ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር ስለ ተቀጠረ እስከዚያ ድረስ የምለውን ልበል።

ያን ሥጋ ቀድሞ የሚያገኘው የእኛው ውሻ «ማን ያዘዋል» እንደሚሆን አልጠራጠርም። ጠዋት ልኳንዳው ደጃፍ ነው። ከዚያ ሸማኔዎቹ ዘንድ ሄዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጋደም ይልና መወርወሪያው ግራና ቀኝ ሲመላለስ በዓይኑ ይከተላል። እናቴ ሌሊት ለኪዳን ስትነሣ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ እንዳይተናኮላት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኝቷት ቅዳሴው እስኪወጣ ውጭ ይጠብቃል። ሁዳዴ ገብቶ ልኳንዳው ሲዘጋ ደግሞ 55ቱን ቀን ደንበኝነቱ ወደ ሐጂ ቤት ይዛወራል። ሐጂ ውሻ ከግቢያቸው አያስገቡም፤ ግን ከአጥሩ ውጭ ለእሱ ብቻ የተለየች ጣሳ አኑረውለታል። እኛና እነሱ ለዓመታት ከሰላምታ ያላለፍን ጎረቤታሞች ነበርን። ልጃቸው በራችንን አንኳኩታ «ውሻችሁ እኛ ጋ ነው» ካለች ወዲህ ግን ለኢድ እነሱ ይጠሩናል፣ ለፋሲካ እኛ እንጠራቸዋለን። ሥጋው አይገናኝም፣ ቡናው የጋራ ነው። የሥጋውን ድንበር የማያውቅ ማን ያዘዋል ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አታስሩትም?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ባለቤት ያለው ውሻ ግቢው ውስጥ መዋል አለበት። እሱን የሚያግድ አጥር ግን እስካሁን አልተሠራም፤ ቆርቆሮ ሦስቴ ለውጠናል።

የሰዉን ፍርሃት አልንቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰውም 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። መርዝ ግን ይህን አያስቀርም። የቆሻሻው ክምር እስካለ ድረስ የሞተውን ውሻ ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። የተከተበው ግን በሽታውን አያስተላልፍም፣ ሰፈሩንም ለእንግዳ ውሻ አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቆማል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መርዙ ደግሞ መርጦ አይገድልም። የጎረቤት ድመትም ጭልፊትም ይበላዋል፤ ደጅ የሚጫወት ሕፃን ቢያነሣውስ?

ስለዚህ እድሩ ለመርዝ ሊያወጣ ባሰበው ገንዘብ አንድ እሑድ የእንስሳት ሐኪም ያምጣልንና ውሾቹ ይከተቡ፤ በየዓመቱም ይደገም። የተከተበው አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለት፤ ጨርቁን ሸማኔዎቹ አይነፍጉንም። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበል የሚሄድም ክትባቱን ሳያስቀር ይሂድ።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በከተማችን የውሻ ክትባት የት የት እንደሚሰጥና ዋጋው ስንት እንደሆነ አጣርታችሁ፣ እድራችን ከመሰብሰቡ በፊት ብታወጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ